ገለፈቱ እርሳሱን ያዘው፤ ከዚያስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የቡና ገለፈት፣ ሰጋቱራ፣ የሙዝ ልጣጭ ከውሃ ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ይይዛሉ ወይ? የሚሉ ደብዳቤዎች በርክተውልናል። ይይዛሉ። ነገር ግን ብረት እንደ ጀርም አይሞትም፤ በስብሶም አይጠፋም። ከውሃው ወጥቶ ዱቄቱ ላይ ይሰፍራል እንጂ። ይህን ካልዘነጋን የቀረው ሥራ የልክና የጥንቃቄ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በቡና ገለፈት እርሳስን ከውሃ ማውጣት አስቤያለሁ። ነገር ግን ገለፈቱን ፈጭቼ ስጨምረው ውሃው እንደ ሻይ ይቀላል፤ ፒኤቹም (የአሲድነትና የቤዝነት ልኩ) ይወጣብኛል። አዘገጃጀቱን ከነመጠኑ ብትነግሩኝ። (ከጅማ)

መልስ፦ ጥሬ ገለፈት ውሃ ሲነካው ታኒንና ሌሎች ቀለም ያላቸው ነገሮች ይለቅቃል። ፖታሲየምም ስለሚበዛበት ውሃውን ወደ ቤዝነት ይገፋዋል። እርስዎ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ጥፋትዎ ሳያጥቡ መጀመርዎ ብቻ ነው።

ገለፈቱን ከደረቅ ቡና መፈልፈያ ይውሰዱ። የሻገተውንና መንገድ ዳር ተከምሮ የመኪና ጭስ ሲጠጣ የከረመውን ይተዉት። በቧንቧ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ አጥበው ንጹሕ ሸራ ላይ ያስጡት፤ ወቅቱ ክረምት ከሆነ በ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረቂያ ውስጥ 24 ሰዓት ያቆዩት። ሲፈጩት በ 0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት አልፎ በ 0.25 ሚሊ ሜትሩ ላይ የሚቀረውን ይያዙ። ከዚያ የላመው የማጣሪያ ወረቀቱን ይደፍናል፤ የሻከረው ደግሞ ብረቱ ወደ ውስጡ እስኪዘልቅ ጊዜ ይፈጃል።

ከዚያ 100 ግራም ዱቄት በ 1 ሊትር 0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ (በሊትር 4 ግራም) ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያማስሉ። ፈሳሹ ጥቁር ቡና ይመስላል። አጣርተው በዲስቲልድ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት። መብቃቱን የሚያውቁት የወረደውን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ከነጭ ወረቀት ፊት ሲያዩት ቢጫነቱ ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ብዙ ነው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ማጠብ ግን የተለመደ ነው። ቀለሙ ካልወጣ እርሳሱን ቀንሰው በምትኩ ኦርጋኒክ ቆሻሻ የጨመሩበት ውሃ ይተርፍዎታል።

ቀጥሎ አሲድ ነው። 8.3 ሚሊ ሊትር የ 37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ውሃ ጨምረው 1 ሊትር ያድርሱ። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳይጨምሩ። ዱቄቱን በዚህ 2 ሰዓት አማስለው፣ የሚወርደው ውሃ ፒኤች 5 እስኪደርስ አጥበው በ 60 ዲግሪ ያድርቁ፤ በሚገጥም ክዳን ዘግተው ያስቀምጡ። በዚህ ሁሉ እጥበት ክብደቱ መቀነሱ አይቀርም፤ ከሚፈልጉት በላይ አድርገው ይጀምሩ።

የአሲዱ ጥቅም ይህ ነው። በገለፈቱ ላይ ካርቦክሲልና ፌኖል የሚባሉ መያዣ ቦታዎች አሉ። ጥሬው ላይ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተቀምጠውባቸዋል። አሲዱ እነሱን አስነሥቶ ሃይድሮጅን ይተካል፤ እርሳሱ ሲመጣ ደግሞ ሃይድሮጅኑን አስለቅቆ ይቀመጣል። ስለዚህም በአሲድ የታጠበ ዱቄት የእርሳሱ ሶሉሽን ውስጥ ሲገባ ፒኤቹ ይወርዳል። አሥር ደቂቃ ቆይተው በ 0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ በጠብታ ወደ 5 ይመልሱት። መጀመሪያ ላይ ብቻ ለክተው ከተዉት ሙከራው "በፒኤች 5" ተብሎ ይጻፍ እንጂ የተካሄደው በ 3.5 ሊሆን ይችላል።

ለሶሉሽኑ 1.598 ግራም ሊድ ናይትሬት በ 1 ሊትር ሲሟሟ በሊትር 1000 ሚሊ ግራም እርሳስ ይሰጣል። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ወስደው 1 ሊትር ሲያደርሱት 20 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። ከዚህ በ 50 ሚሊ ሊትር ላይ 0.1 ግራም ዱቄት ጨምረው 2 ሰዓት ያወዛውዙ። አብዛኛው እርሳስ የሚያዘው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። የማጣሪያ ወረቀትም እርሳስ ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹን 10 ሚሊ ሊትር ለይተው ወደ እርሳስ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይጨምሩ፤ ለልኬት የሚያገለግለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወዲያው የማይለኩት ከሆነ ፒኤቹ ከ 2 በታች እስኪሆን ናይትሪክ አሲድ ይጨምሩበት፤ አለዚያ እርሳሱ ብልቃጡ ላይ ይለጠፍና ውጤቱ ከእውነቱ ያማረ ይመስላል።

ጥያቄ፦ በሰጋቱራና በብርቱካን ልጣጭ የሠራኋቸው ሙከራዎች ሁሉ ከ 98 በመቶ በላይ ይሰጡኛል። አማካሪዬ ግን "ይህ ቁጥር አይታመንም" ብለው መለሱልኝ። ምን ይጎድለኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አማካሪዎ መጠርጠራቸው ተገቢ ነው፤ መቶኛ ብቻውን ብዙ ይሸፍናል። በ 50 ሚሊ ሊትር ውስጥ በሊትር 20 ሚሊ ግራም እርሳስ አለ እንበል። 0.1 ግራም ዱቄት ጨምረው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ቢቀር 90 በመቶ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ ግራም 9 ሚሊ ግራም ይዟል። 1 ግራም ጨምረው 0.2 ቢቀር 99 በመቶ ሆነ፤ እያንዳንዱ ግራም የያዘው ግን 0.99 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። መቶኛው ሲያድግ ዱቄቱ አልተሻለም፤ አሥር እጥፍ ዱቄት ባከነ እንጂ። ስለዚህ በግራም ስንት ሚሊ ግራም እንደተያዘ ከመቶኛው ጎን ይጻፉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው መጠን ሲቀነስ የቀረው፣ በሶሉሽኑ ሊትር ተባዝቶ በዱቄቱ ግራም ይካፈላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ዝቃጭ ነው። ፒኤች 6ን እያለፈ ሲሄድ፣ በተለይ ውሃው ካርቦኔት ካለበት፣ እርሳስ ያለ ማንም እርዳታ ይዘቅጣል። ያ ዝቃጭ ከዱቄቱ ጋር ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ምስጋናውን ሰጋቱራው ይወስዳል። መድኃኒቱ ዱቄት የሌለበት አንድ ብልቃጥ ነው። በዚያው ፒኤች፣ ለዚያው ሰዓት ተወዛውዞ በዚያው ወረቀት ይጣራ። እርሳሱ እዚያም ከቀነሰ የቀነሰውን ያህል ከውጤትዎ ላይ ያንሱ። ማረጋገጫ ካስፈለገ ያገለገለውን ዱቄት በ 0.1 ሞላር ናይትሪክ አሲድ አጥበው የወጣውን እርሳስ ይለኩ። ከውሃው ጠፋ ያሉት ከዱቄቱ ካልተገኘ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው።

ክሮሚየም ስድስት (እጅግ መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ላይ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚብስ ስሕተት አለ። ሰጋቱራ ፒኤች 2 አካባቢ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ክሮሚየም ሦስት ይቀይረዋል። በዳይፌኒልካርባዛይድ፣ ማለትም ሐምራዊ ቀለም አውጥቶ በ 540 ናኖ ሜትር በሚነበበው ዘዴ፣ የሚታየው ስድስቱ ብቻ ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ክሮሚየሙ የወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሆኖ እዚያው ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስድስቱንና ሦስቱን ሳይለይ በሚለካው መሣሪያ፣ በአቶሚክ አብዞርፕሽን፣ ጠቅላላውን ክሮሚየም መለካት ግድ ነው። መርዛማነቱ መቀነሱ በራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ "ተወገደ" ብሎ መጻፍ ግን ሐሰት ነው።

በመጨረሻም በዲስቲልድ ውሃ ብቻ አይቁሙ። አንድ ተከታታይ ሙከራ በእውነተኛ የወንዝ ወይም የፋብሪካ ውሃ ይሥሩ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ቦታ ሲሻሙ ቁጥሩ ይወርዳል፤ የወረደውም ቁጥር ነው ለሰው የሚጠቅመው።

ጥያቄ፦ በቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል እሠራለሁ። አለቆቼ "ኬሚካል ውድ ነው፤ በቡና ገለፈትና በሰጋቱራ ክሮሙን እንያዘው" ይላሉ። ያዋጣል? (ከሞጆ)

መልስ፦ ከቆዳ ማልፊያው ከበሮ በቀጥታ ለሚወጣው ውሃ አያዋጣም። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚጠጣው ከተጨመረው ክሮም 60 እስከ 70 በመቶውን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። በሊትር 3000 ሚሊ ግራም ያለበት 1 ሜትር ኩብ ውሃ 3 ኪሎ ግራም ክሮሚየም አለው። ገለፈቱ በግራም 20 ሚሊ ግራም ቢይዝ እንኳ፣ ያውም በደኅናው ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 150 ኪሎ ገለፈት ያስፈልጋል። በማግስቱ 150 ኪሎ መርዛማ ገለፈት መጋዘን ይሞላል። በዚያ ላይ ያ ክሮም ገንዘብ ነው፤ ገለፈት ላይ ማባከን አይገባም።

የክሮሙን ውሃ ከሌላው ለይታችሁ ያዙ። ከኖራና ከሰልፋይድ ፍሳሽ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። አሲዳማው የክሮም ውሃ ሰልፋይዱን ሲያገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይነሣል፤ ይህ ጋዝ ጉድጓድ ውስጥ የገባን ሠራተኛ በደቂቃዎች ይገድላል፤ ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው አያስጠነቅቅም። የተለየውን ውሃ በወንፊት ከጠጉርና ከስብ አጥርታችሁ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ወደ ፒኤች 8–8.5 አውጡትና ሌሊቱን ይደር። በማግኒዚየም ኦክሳይድ የወረደው ዝቃጭ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በኮስቲክ ሶዳ የወረደው እንደ አጥሚት ስለሚሆን አይጨመቅም፤ ኖራ ደግሞ ከሰልፌቱ ጋር ጂፕሰም እየሠራ ዝቃጩን ያበዛዋል። ንጹሑን ውሃ ከላይ ቀድታችሁ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ ብታሟሙት ተመልሶ ለማልፋት ያገለግላል።

ገለፈቱ ቦታ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ የተቀዳው ውሃ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ቀርቶበት ወደ 1 ማውረድ ቢያስፈልግ የሚያዘው በሜትር ኩብ 4 ግራም ነው። በዚህ ዝቅተኛ መጠን በግራም 2 ሚሊ ግራም ይይዛል ብለን ብናሰላ 2 ኪሎ ገለፈት ይበቃል። በቀን 30 ሜትር ኩብ ቢኖራችሁ 60 ኪሎ ማለት ነው። በአሥር ሰዓት ውስጥ ከተለቀቀ በሰዓት 3 ሜትር ኩብ ያልፋል፤ ግማሽ ሰዓት ከገለፈቱ ጋር እንዲቆይ ደግሞ የገለፈቱ ሙሌት 1.5 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። ሁለት በርሜሎች በተከታታይ ይቀመጡ። የመጀመሪያው መውጫ በፈቃድ ሰነዳችሁ ላይ ያለውን ወሰን ሲነካ እሱ ይለወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል።

በርሜሉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአሞላሉ ነው። ደረቅ ገለፈት አፍስሳችሁ ውሃ ብትለቁበት ያብጣል፤ አየር በመካከሉ ይታፈናል፤ ውሃው ጥግ ጥጉን ሰንጥቆ ይወርድና መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ገለፈቱን 12 ሰዓት ዘፍዝፉት። በርሜሉን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉና የራሰውን ገለፈት በዝግታ ጨምሩበት፤ ራሱ እየሰመጠ ይተኛል። ከሥሩ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ ይኑር። ለዚህ ሥራ ሻካራ ገለፈት ይሻላል፤ የተፈጨው ይደፈናል።

ወደ ገለፈቱ ከመግባቱ በፊት ውሃው በአሸዋ ይጣራና ፒኤቹ ወደ 5 ይውረድ። ነገር ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ፈትሹ፦ የቀረው 5 ሚሊ ግራም የሟሟ ነው ወይስ ያልረጋ ዝቃጭ? ናሙናውን በ 0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፋችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ችግሩ ያለው ማርጊያ ገንዳው ላይ ነው፤ ገለፈት አያስፈልጋችሁም። ሰጋቱራ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ምሰሶ በመድኃኒት ከታከመ እንጨት የመጣ አይሁን፤ መድኃኒቱ ራሱ ክሮምና አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ስለሚገባ፣ እናንተ ጋ የቀረች እያንዳንዷ ግራም እዚያ ዓሣ ለሚያጠምደውና ውሃ ለሚቀዳው ሰው ትቆጠርለታለች።

ጥያቄ፦ የምንኖርበት ቤት አሮጌ ነው፤ የውሃ ቧንቧው እርሳስ እንዳለው ነገሩን። የሙዝ ልጣጭ እርሳስ እንደሚስብ አንብቤ ማታ ማታ ልጣጭ በጆግ ውሃ ውስጥ አሳድራለሁ። ሕፃን ልጅ አለኝ። ልክ ነኝ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እባክዎ ከዛሬ ጀምረው ይተዉት። ያነበቡት ዜና ምንጩ በ 2011 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ የተሠራ ምርምር ሳይሆን አይቀርም። እዚያ የተፈጨ የሙዝ ልጣጭ ያገለገለው በወንዝ ውሃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት መዳብና እርሳስ አጠራቅሞ በመሣሪያ ለመለካት ነበር፤ የሚጠጣ ውሃ ለማዘጋጀት አልነበረም። ጆግ ውስጥ ያደረ ጥሬ ልጣጭ ስኳር ይለቅቃል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል። ምን ያህል እርሳስ እንደቀረም የሚያውቁበት መንገድ የለዎትም።

በከተማችሁ የእርሳስ ነገር እውነተኛ ታሪክ አለው። በ 2000 እ.ኤ.አ. የውሃው ጀርም መግደያ መድኃኒት ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ሲለወጥ በቧንቧዎቹ ውስጥ የነበረው ሽፋን ተፈትቶ እርሳስ ወደ ቤቶች ገባ። ስለዚህ ቧንቧውን ይፈትሹ። ወደ ቤት የሚገባውን ቧንቧ በሳንቲም ጫፍ ጫር ያድርጉት፤ እርሳስ ከሆነ ለስላሳ ነው፣ የተጫረው ቦታ ብርማ ያበራል፣ ማግኔትም አይይዘውም። "ኤንኤስኤፍ/አንሲ 53" (NSF/ANSI 53) የሚል ምልክት ያለው፣ እርሳስ እንደሚቀንስ በግልጽ የተጻፈበት ማጣሪያ ይግዙና ውስጡን በተባለው ጊዜ ይቀይሩ። ለሕፃኑ ወተት የሚበጠብጡት በተጣራ ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ አይቅዱ። ማፍላት እርሳስ አያስወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያጠራቅመዋል። ልጁንም ለደም ምርመራ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ በአቃቂ ወንዝ ሩብ ሄክታር አትክልት አጠጣለሁ። ውሃውን በጤፍ ጭድ ወይም በሰጋቱራ አጣርቼ ባጠጣ ጎመኔ ይጸዳል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ ሐሳብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ውሃው ግን አያስችልም። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት ለሩብ ሄክታር 10,000 ሊትር ያስፈልጋል። የወንዙ ጭቃ ጭዱን በቀናት ውስጥ ይደፍነዋል። በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ ከከባድ ብረቶቹ በመቶዎች እጥፍ ስለሚበልጥ መያዣ ቦታዎቹን ቀድሞ ይሞላቸዋል።

ከማጣሪያው ይልቅ የሚዘሩትን ቢለውጡ ብዙ ያተርፋሉ። ካድሚየም ቅጠል ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ከሁሉ የባሱ ናቸው። ቲማቲም፣ በቆሎና ጥራጥሬ በሚበላው ክፍላቸው የሚይዙት ያነሰ ነው። ውሃውን በጉድጓድ አቁመው ጭቃው ከረጋ በኋላ ከላይ ይቅዱ፤ አብዛኛው ብረት የሚጓዘው ጭቃው ላይ ተጣብቆ ነው። የረጋውን ጭቃ ግን ማሳ ላይ አይመልሱት። ውሃው ቅጠሉን ሳይነካ በቦይ ሥሩን ያጠጡ። ኖራ ይበተን የሚል ምክር ይሰሙ ይሆናል፤ እሱ የሚጠቅመው አሲዳማ አፈር ላይ ነው፣ የአካባቢዎ ጥቁር መረሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ የጉድጓድ ውሃችን የልጆቻችንን ጥርስ ያበልዛል። የሽፈራው ፍሬ ወይም የቡና ገለፈት ያድነናል? (ከባቱ)

መልስ፦ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ብረት አይደለም፤ ቻርጁም ኔጌቲቭ ነው። እርሳስን የሚስበው የገለፈት ገጽ ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ፍሎራይድን ይገፋዋል። ሽፈራው የደፈረሰ ውሃ ያጠራል፤ ለዚህ ችግር ግን አይታመኑበት። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚሠራባቸው ዘዴዎች የአጥንት ከሰልና በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴ ናቸው። ሁለቱም በየጊዜው ልኬት ይፈልጋሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የሚበልዘው ገና በድድ ውስጥ የሚሠራ ጥርስ ስለሆነ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከቻላችሁ ቅድሚያውን ለትንንሾቹ ልጆች ስጡ።

ጥያቄ፦ ቤተ ሙከራችን ውስጥ እርሳስና ክሮም የያዘ የገለፈት ዱቄት በፌስታል ተከማችቷል። አንዳንዱ "ይቃጠል" ይላል፤ ሌላው "አትክልት ቦታ ይበተን"። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጉ። ክሮሚየም ሦስት የያዘ ገለፈት አየር ባለበት ሲቃጠል፣ አመዱ ቤዝ ስለሆነ ከፊሉ ወደ ክሮሚየም ስድስት ይለወጣል። ከነበረው የባሰ መርዝ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። እርሳሱም በጭስና በአመድ ይበተናል። አትክልት ቦታ ላይ ቢደፋ ደግሞ ገለፈቱ ይበሰብስና ብረቱ ለአፈሩ ይቀራል።

እርሳስ የያዘውንና ክሮም የያዘውን ለዩ። እርሳስ የያዘውን 10 ግራም ዱቄት በ 100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ናይትሪክ አሲድ አንድ ሰዓት አማስላችሁ አጣሩ፤ አብዛኛው እርሳስ ወደ አሲዱ ይወጣል። ዱቄቱ ታጥቦ እንደገና ያገለግላል፤ ሦስት አራት ዙር በኋላ ግን መፈርፈርና አቅሙን ማጣት ይጀምራል። አሲዱን በኖራ ወደ ፒኤች 9–9.5 አውጥታችሁ እርሳሱን አዝቅጡት። ኖራ አታብዙ፤ ፒኤቹ በጣም ከወጣ እርሳስ ተመልሶ ይሟሟል። ክሮም የያዘው ግን በአሲድ በቀላሉ አይለቅም፤ እሱን ሳትነካኩ እንዳለ አድርቁት።

ዝቃጩንና ያለቀለትን ዱቄት በፌስታል አታስቀምጡ። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይሁን፤ በላዩ ላይ የብረቱ ስም፣ ግምታዊ መጠኑ፣ ቀኑና የኃላፊው ስም በማይለቅ ቀለም ይጻፍበት። ባልዲው ዝናብና ምግብ ከማይደርስበት ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጥ፤ የአደገኛ ቆሻሻ ፈቃድ ላለው ተረካቢ የሚያስረክበው ሰውም ከወዲሁ ተለይቶ ይታወቅ።